ከማማው ሥር እስከ አሰብ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወደ ግራና ስሄድ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። በሩ ሥር በተጨመረች ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳልወድቅ የበሩን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ደረስኩ። ወርጄ የፊቴን አቧራ ልጠርግ እጄን ሳነሣ መዳፌ ሸተተኝ። ላብ የጠጣ ብረት ሽታ ነው፤ ሳንቲም ጨብጦ የዋለ ልጅ እጅ እንደሚሸተው። ዘመዶቼ ከመንገዱ ማዶ «ምነው ቆምሽ? ነይ እንጂ» እያሉ ይጠሩኛል። እኔ እጄን አፍንጫዬ ላይ እንዳደረግኩ ከመንገዱ በታች ያለውን የማሽላ ማሳ አየሁ። ታጭዶ የአገዳው ጉቶ ብቻ ቀርቷል። እዚያ ማሳ ውስጥ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ መኪና ትነዳ ነበር።

አባቴ ሰይድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቤታችን መርሳ፣ ሥራው ደግሞ አሰብ ወደብ ነው። አንዴ ከሄደ ወር ይቆያል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ሰው «አባትሽ የት ሄደ?» ሲለኝ «አሰብ» እላለሁ። አሰብ ማለት ሰው ሄዶ የሚያስብበት አገር ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከዚያ ሲመለስ ሁለት ሦስት ቀን ዝም ስለሚል፣ አስቦ ሳይጨርስ መጥቶ ነው እል ነበር።

ሲመጣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለኑሩ ቴምርና ከረሜላ፣ ለእናቴ ሻሽ፣ ለራሱ ደግሞ መኪና ያመጣል። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ መኪና ናት። ብረት ስለሆነች ለመጠኗ ትከብዳለች። ጎማዋ እውነተኛ ላስቲክ ነው፤ በጣት ቢያጠልቁት ቀለበት ይሆናል። መሪዋ ከመርፌ ይቀጥናል። ሁሉም ያረጁ ዓይነት ነበሩ፤ ጣልያን አገራችን ሲገባና ከዚያም በፊት በዓለም ላይ ይነዱ የነበሩ። መብራታቸው እንደ ዓይን ወጣ ያለ፣ ትርፍ ጎማቸው ጎናቸው ላይ የታቀፈ፣ ፓራፋንጎአቸው ከጎማው በላይ እንደ ቅንድብ የተቆለመመ።

የመጀመሪያዋን ያገኘው ከአንድ የመርከብ ወጥ ቤት ነው። አባቴ ከመርሳ ይዞት የሄደውን ማር አቅምሶት፣ ሰውየው ማሰሮውን አልለቅም ብሎ፣ በልዋጩ ከአልጋው ራስጌ ያስቀመጣትን፣ ባሊላ የምትባል ጥቁር የጣልያን መኪና ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያ መርከብ በመጣ ቁጥር ማር ይሄዳል፣ መኪና ይመጣል። የሌሎች መርከብ ሰዎችም ሰሙ። አባቴ ግን የማንንም አይቀበልም ነበር፤ አዲስ ዓይነት ከሆነች ይመልሳታል።

«ለምን አዲሶቹን አታመጣም፣ አባዬ?» ብዬው ነበር።

«የአሁኖቹ ሁሉም ያው አንድ ፊት ነው ያላቸው። እነዚህን እያቸው እስኪ። ይቺ ተቆጥታለች። ይቺ ደግሞ አሁን ከእንቅልፏ የነቃች ናት።»

እውነቱን ነበር። ስም አወጣንላቸው። ባሊላ ባሊላ ሆና ቀረች። ቶፖሊኖ የምትባለዋን፣ በጣልያንኛ ትንሽ አይጥ ማለት ነው ሲለን፣ አይጢት አልናት። ነጭና ረጅሟ ሙሽሪት ናት። ጣሪያ የሌላት፣ ኮፋኖዋ በቀበቶ የታሠረ አረንጓዴ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች፤ እሷን ኑሩ «ባለ መቀነት» ይላታል። ከፊቷ በእጅ የምትዞር ማንሻ ያላት ቡኒ ደግሞ አሮጊት ነበረች፤ ሳትገፋ የማትነሣ።

ሳሎን ውስጥ ባለው ቡፌ መስተዋት ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቁልፉ እናቴ አንገት ላይ ነው። መጫወቻ አልነበሩም። ይህን እናቴ ስታስጠነቅቀን ፊቷ ይጠቁር ነበር። እናቴ ዘሃራ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ስትሠራ እንጂ ስትቀመጥ አትታይም፤ ሥራና ቁጣ ካልሆነ በቀር ከልጅ ጋር ብዙ ወሬ የላትም። የእኔ ድርሻ ዓርብ ዓርብ መወልወል ነው። እናቴ ቡፌውን ትከፍትና አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔ በአሮጌ የሕፃን ልብስ ቁራጭ አንድ በአንድ እጠርጋቸዋለሁ። ስጨርስ እጄ ብረት ብረት ይሸታል።

በሆዳቸው በኩል የፈረንጅ ጽሑፍ አለ። አባቴ አንድ ቀን ገልብጦ አሳየኝና «ይሄ አንድ አርባ ሦስተኛ ማለት ነው። እንደነዚህ ያሉ አርባ ሦስት ብትደረድሪ የእውነተኛዋን መኪና ርዝመት ያክላሉ» አለኝ። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አርባ ሦስት ሲሞሉ አንድ ትልቅ መኪና ይሆናሉ ብዬ ያዝኩት። አባቴ የሚሰበስባቸው ለዚያ ነው፤ ሲሞሉለት የራሱ መኪና ይኖረዋል፤ የሰው መኪና መንዳት ትቶ ቤት ይቀመጣል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደግ ነገር ቀድሞ ከተወራ ይበላሻል ሲባል ሰምቼ ነበርና።

ጦርነቱ ወደኛ የቀረበው በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። እኛ ልጆች የምናውቀው ቃላቱን ብቻ ነበር። «የእገሌ ልጅ ግንባር ሄደ» ይባላል። የጎረቤታችን ልጅ ግንባር ላይ ወደቀ ተብሎ ድንኳን ሲተከል፣ በግንባሩ ተደፍቶ ወድቆ እንደሞተ ነበር የገባኝ፤ ለብዙ ጊዜ ስሮጥ ግንባሬን በእጄ እሸፍን ነበር።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሄድ እናቴን በር ላይ አቁሞ «ዘሃራ፣ ልጆቼንና እነዚያን አደራ» አላት፤ በአገጩ ወደ ቡፌው እያሳየ። እናቴ «ደግሞ ከልጅ እኩል ትቆጥራቸዋለህ?» አለች። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ወልዲያ በታጋዮች እጅ ገባች፤ ከዚያ መርሳ። ደሴና ኮምቦልቻ ግን በመንግሥት እጅ ቀሩ። አባቴ በዚያ ወገን፣ እኛ በዚህ። «መንገዱ ተዘጋ» ተባለ። እኔ አስፋልቱ ላይ ትልቅ የብረት በር ቆሞ ይታየኝ ነበር። እናቴን «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ስላት «እሱን ብናውቅማ» አለችኝ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አውሮፕላን መጣ። ቦምቡን የጣለው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፤ የእኛ ቤት ግን ተንቀጠቀጠ፤ ቡፌው ውስጥ መኪኖቹ እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ሰማሁ። ኑሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። እናቴ ብዙም አላሰበችም። ቁርኣኑን፣ ልብሳችንንና አንድ ቁና ዱቄት ቋጠረች። ከዚያ ቡፌውን ከፈተች፤ መኪኖቹን በአባቴ ሽርጥ እየጠቀለለች በዘንቢል አስገባቻቸው። ጎረቤት ሴት በር ላይ ቆማ «ዘሃራ፣ ሰው ነፍሱን ያወጣል፤ አንቺ ምን ትሰበስቢያለሽ?» ብትላት ዘንቢሉን አንሥታ ተሸከመች። በዚያው በእግር ወደ ግራና፣ ወደ አባቷ ቤት ወጣን።

አያቴ አባ ይማም ገበሬ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ። ሕይወታቸውን በሙሉ ከግራናና ከወልዲያ ገበያ አልፈው አያውቁም። እናቴ አባቴን ስታገባ አልወደዱም ነበር። «የሾፌር ሚስት ባል እያላት ባል የላትም» ብለው ተናግረዋል፤ ይህን ቃላቸውን እናቴ ስትናደድ ስለምትደግመው እኔም ኑሩም እናውቀው ነበር። ስንደርስ አቅፈው ተቀበሉን፤ እግራችንን አስታጠቡን። ዘንቢሉ ሲፈታ ግን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«የሰይድ ነው፣ አባ። አደራ ብሎኛል።»

«ሰው እህልና ልብስ ይዞ ይሸሻል። አንቺ ቆርቆሮ ተሸክመሽ መጣሽ?»

እናቴ ሽርጡን መልሳ ቋጠረችና ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀለችው። ለሳምንታት እዚያው ተንጠለጠለ። ጋደም ብዬ ሽቅብ አየዋለሁ።

ጊዜው ማሽላው ፍሬ የያዘበት ነው። ወፍ በጅምላ ይወርድበታል። አያቴ ማሳው መሐል የእንጨት ማማ ሠርተው ነበር፤ እኛ ከመጣን ወዲህ ጥበቃው የእናቴና የእኔ ሆነ። ማማው ላይ ወጥቼ ወንጭፍ አስጮኻለሁ፤ ድንጋዩን መወርወር ስለማልችልበት ጅራፍ አድርጌ ማስጮህ ብቻ ነበር የእኔ። ኑሩ ከሥር ሆኖ «ሃይ! ሃይ!» ይላል። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍም ያንኑ «ሃይ!» ይለው ነበር። አውሮፕላኑ ያልፋል፤ ኑሩ እናቱን ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷ «ጎበዝ፣ አባረርከው» ትለዋለች። ከመርሳ ከወጣን ወዲህ አውሮፕላን በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የተወው በዚህ ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ወደ ማሳው ልንወርድ ስንል፣ እናቴን «መኪኖቹ አቧራ ጠጡ። ዓርብ አይደለም እንዴ?» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር አምጥታ ሽርጡን አወረደች። ይዘነው ማማው ሥር ሄድን። ሽርጡን አነጠፈች፤ እኔ መወልወል ጀመርኩ። አሮጊቷን እየጠረግሁ ሳለ አመለጠኝ።

«እማ፣ አሁን ስንት ቀረን?»

«ምኑ?»

«አርባ ሦስት እስኪሞሉ።»

«አርባ ሦስት ሲሞሉ ምን ይሆናል?»

ነገርኳት። ትልቅ መኪና እንደሚሆኑ፣ አባዬ በዚያ ምክንያት ቤት እንደሚቀመጥ፣ መንገዱ የተዘጋው ግን ሳይሞሉ በመሆኑ እንደ ቸገረኝ። የእናቴ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ሻሿ ወደ ኋላ እስኪወድቅ፣ ማማውን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ኑሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሯት ሳቀ። ስታበቃ ፊቷን በእጇ ጠረገችና መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በብትን አፈሩ ላይ፣ እግሯን ዘርግታ።

«እስኪ ባሊላን ስጪኝ» አለች።

ሰጠኋት። በጣቷ አፈሩ ላይ መስመር ሠራች። «ይሄ መርሳ ነው» አለች። ባሊላን አስቀመጠቻትና ወደፊት ገፋቻት። ከአፏ የሞተር ድምፅ ወጣ፤ ድርርር የሚል፣ ወፍራም፣ ልክ እንደ አባቴ መኪና። ኑሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ውርጌሳ ላይ ፍሬንሽን ትሞክሪያለሽ» አለች። «ከዚያ የውጫሌ ዳገት አለ። በአንደኛ ማርሽ። ረዳት! ድንጋይ ያዝ! ብትንሸራተት ከጎማው ሥር ታኮ ታገባለህ።» ኑሩ ድንጋይ ሊፈልግ ሮጠ። ረዳትነቱን በዚያች ቀን ተቀበለ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

እናቴ ከደሴ አልፋ አታውቅም። መንገዱን ግን ከእኔ ስም ይልቅ ታውቀው ነበር። ሐይቅ ዓሣ ይበላል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ይወጣል። ሐረጎ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የሚያቃጥል ሾፌር ጀማሪ ነው። ባቲ ሰኞ ከሆነ ግመሉ መንገድ አይሰጥም። ከባቲ በታች አየሩ ይለወጣል፤ ሚሌ ላይ መሪው እጅ ያቃጥላል። ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ቡሬ ሲታለፍ የባሕር ሽታ ይመጣል፤ መጀመሪያ የጨው፣ ቀጥሎ የዓሣ። አባቴ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ይነግራት ነበር። ለእኛ ዝም የሚለው ሰው ለእሷ ሁሉንም ተናግሯል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነዳን። እናቴ ግን ሕግ አወጣች፤ በአንድ ቀን ከሁለት ከተማ በላይ አይኬድም። «ሾፌር ከቸኮለ አይደርስም» ትላለች። መንገዱ በማሽላው ሥር እየተጥመዘመዘ ወደ ማሳው ጥግ ረዘመ፤ ዳገቱን ከጭቃ ሠራን፤ ለሚሌ ወንዝ የተሰበረ ቅል ውሃ ሞላን። ሙሽሪት የሠርግ ሆና ሐይቅ ላይ ቆመች። ባለ መቀነት ሁሉን ቀድማ ገደል ትገባለች። አሮጊት ባቲ ላይ ተበላሽታ ቀረች። የባሊላ አንድ መብራት ሚሌ ወንዝ ውስጥ ጠፋ። የአይጢት በር ተነቀለ። ቀለማቸው ተፋቀ፣ ከሥሩ ነጩ ብረት ብቅ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትቆጣ እንደሆን የእናቴን ፊት አያለሁ፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም የለም። ጉልበቷ ላይ ጭቃ፣ ጥፍሯ ውስጥ አፈር። እንዲያ ሆና ነው እስከ ዛሬ የምትታየኝ።

አሰብ ደርሰን፣ የማሽላ ፍሬ ጭነን፣ ስንመለስ ነው ነገሩ የተበላሸው። እናቴ ውጫሌ ላይ ድንጋይ አስቀመጠች። «ኬላ ነው» አለች። ኑሩ «እለፊው» ቢላት «አይቻልም» አለች። ባሊላን አዞረችና ወደ አሰብ መለሰቻት። ሌላ ጊዜም እንዲሁ። ስንት ጊዜ ሄደን፣ ውጫሌ ላይ ስንደርስ ድንጋዩ አለ። በጣቷ ገፍታ ማንሣት የምትችለው ድንጋይ ነበር።

በዚያ ሰሞን አያ ሙሄ የሚባል ሰው ወደ ማማው ይመጣ ጀመር። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሳይጠሩት የማይናገር። ወተት በቅል ያመጣልናል፤ ኑሩን በቅሎው ላይ ያስቀምጠዋል። ጎንበስ ብሎ ስንነዳ ያያል። መኪኖቹን ስለወደደ ነው የሚመጣው ብዬ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሙሽሪትን አንሥቼ «ያዛት» ብዬ ብሰጠው፣ የሞተች ጫጩት እንደ ሰጡት ሰው በሁለት እጁ ይዟት፣ የት እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ቆመ። ዓይኑ እናቴ ላይ ነበር። እናቴ መንገዱን ታስተካክላለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ቁርስ በልተን ስናበቃ፣ አያቴ እናቴን አናገሯት። እኔ ደጃፉ ላይ የኑሩን እግር እያጠብኩ ነበር።

«ዘሃራ፣ እስከ መቼ ነው?»

«ምኑ፣ አባ?»

«ታውቂዋለሽ። ሙሄ ዲኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆችሽን ወዷቸዋል። ያ ሰው በሕይወት ቢኖር እስካሁን ቃል ይልክ ነበር።»

«በየት በኩል ይላክ? መንገዱ እኮ ዝግ ነው።»

«ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለው መኪና ሁሉ ለወታደር ተወስዷል ይላሉ። ሾፌሩም አብሮ። ቃዲውን እንጠይቅ። ባሏ የጠፋባት ሴት የምትጠብቅበት ወሰን አለ።»

«ወሰኑ ሲደርስ ይንገሩኝ። እስከዚያ ግን አልሞተም።»

«በምን አወቅሽ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አባ» አለች እናቴ። «ውሃ የት እንዳለ እሱ ያውቃል። የት እንደሚታደር ያውቃል። እንዲያው ዝም ብሎ የሚጠፋ ሰው አይደለም።»

አያቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ወዲያ፣ ማሳው ድረስ መጡ። እናቴ ስታያቸው ልትነሣ ቃጣች፤ በእጃቸው «ተቀመጪ» አሏት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው አዩን። ከዚያ በምርኩዙ ጫፍ መስመሩን አሳዩ።

«ከባቲ ወዲያ ውሃ የት ነው?»

«ሚሌ ላይ ወንዝ አለ፣ አባ። ከዚያ እስከ ዱብቲ ምንም የለም። ከዱብቲ ወዲያ ቦቴ ነው የሚያመጣው።»

«ከብቱስ?»

«ግመልና ፍየል ነው። አፋሮቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ ይላል ሰይድ። አንድ ጊዜ መኪናው ሲበላሽበት ወተት እያጠጡ አሳድረውታል።»

«ወተት አጠጡት?»

«አዎ።»

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱም መጡ። ሦስተኛ ቀን ላይ ኤሊዳር እስከምንደርስ ጠበቁ፤ አሸዋ መንገዱን ሲቀብረው ሾፌሮቹ እንዴት እንደሚጠርጉት ጠየቁ። ኑሩ ታኮ ሲረሳ «አንተ ረዳት፣ ተኛህ እንዴ?» አሉት። ስለ ቆርቆሮ ከዚያ በኋላ ሲናገሩ አልሰማሁም።

አያ ሙሄ አንድ ከሰዓት ወተቱን ይዞ ሲመጣ አያቴ ተነሥተው ማሳው ጫፍ ድረስ ሄደው ተቀበሉት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ አዝመራው ተነጋገሩ። ከዚያ አያቴ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ እኛ እንድንሰማ ይመስለኛል፣ «ሙሄ፣ ልጄ ባል አላት። መንገድ ላይ ነው» አሉት።

አያ ሙሄ መሬት መሬቱን አየ። «አላህ በሰላም ያምጣው» አለ። ቅሉን ሰጥቷቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማማው ጋ አልመጣም። ወተቱ ግን አልቀረም፤ በእህቱ እጅ ይልከው ነበር።

አያቴ ቅሉን ይዘው ተመለሱና ከመስመሩ ራስ ቆሙ። ባሊላ አሰብ ደርሳ ስትመለስ ነበር፤ እናቴ ከሐይቅ አውጥታ ውጫሌ አድርሳታለች፤ ድንጋዩ እዚያ አለ። ልታዞራት እጇን ስታነሣ፣

«እስከ መቼ እዚህ ታቆሚዋለሽ?» አሉ አያቴ። «አሳልፊው።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። አያቴ ምርኩዛቸውን ድንጋዩ ሥር አስገብተው ገለበጡት። እናቴ ባሊላን ያዘች። የሞተሩን ድምፅ ልታወጣ ሞከረች፤ አልወጣላትም። ኑሩ «ድርርር» አለላት። በጣቶቿ እየገፋች ዳገቱን ወረደች፤ ውርጌሳን አለፈች፤ መርሳ ስትደርስ እጇን መኪናዋ ላይ ጭና አቀርቅራ ቀረች። አያቴ ቅሉን አጠገቧ አስቀመጡና ለመግሪብ ሶላት ሊታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ዓይኗ መንገድ ላይ ሆነ። ማማው ላይ ስወጣ ወደ አስፋልቱ በኩል እንዳይ ታዘኛለች። አያለሁ፤ ሰው፣ አህያ፣ ታጋይ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት።

አባቴ በዚያ በኩል አልመጣም። ማሽላው ሊታጨድ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ ከጀርባችን ከቆላው በኩል መጣ። መኪናውን ከነጭነቱ ወታደር ሲወስደው፣ እሱንም ሊወስዱት ሲሉ ሚሌ ላይ ጠፍቶ፣ ከአፋር ግመለኞች ጋር በበረሃ ተጉዞ ሐራ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በእግሩ መርሳ ሄዶ ቤቱ ተዘግቶ አገኘው፤ ጎረቤት ነገረችው። ይህን ሁሉ ያወቅነው በኋላ ነው። በዚያ ጠዋት ያየሁት የተቀደደ ሽርጥ ያደረገ፣ የጠቆረ፣ ጢሙ የረዘመ ሰው በማሽላው መሐል ሲመጣ ነው። ኑሩ «ሃይ!» አለው።

እናቴ ማንዳ ላይ ነበረች። ቀና አለች። ሰውየው ቆመ። እናቴ ተነሣች፤ መጀመሪያ ያደረገችው ቀሚሷን ማራገፍ ነው። አፈሩን አራገፈች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። አባቴ ቀርቦ ትከሻዋን ያዛት። «ዘሃራ» አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ እኔንና ኑሩን አቀፈን። የግመልና የጭስ ሽታ ነበረው። ኑሩ አላወቀውም፤ በእናቴ እግር ተጠመጠመ።

አያቴ ከወዲያ እየሮጡ መጡ። አያቴ ሲሮጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አባቴን አንገቱን አቅፈው ሳሙት፤ «ወተት አጠጡህ?» አሉት። አባቴ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ስላልገባው «አዎ፣ አባ ይማም፤ እነሱ ናቸው ያኖሩኝ» አለ።

ከዚያ ነው መሬቱን ያየው። መኪኖቹ በየከተማው ቆመዋል። ጎንበስ ብሎ ባሊላን አነሣ። መብራቷ የለም፤ ጣሪያዋ ቀለሙ ተገፎ ብረት ሆኗል፤ ጎማዋ ውስጥ ጭቃ ደርቋል። በአውራ ጣቱ ጭቃውን ፋቀ። ቁጣ አልነበረውም፤ ግራ ነው የገባው።

«ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?» አለ።

እናቴን አየኋት። ያን ሁሉ መንገድ የነዳች፣ ዳገቱን የሠራች፣ ሞተሩን ያስጮኸች ሴት፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ወደ ማሽላው ዞረች።

«ልጆቹ ናቸው» አለች።

አያቴ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ኑሩ አፉን ሲከፍት እጁን ጨበጥኩት። አባቴ እኔን አየኝ፤ «አይዞሽ» አለኝና ፀጉሬን ዳበሰኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ለቀማቸው። እናቴ አልረዳችውም። አባቴ አሮጊትን ሊያነሣ ሲል መስመሩን ረገጠው፤ ከባቲ እስከ ሚሌ ያለው ጠፋ።

ነገሩ ሲረጋጋ ወደ መርሳ ተመለስን። መኪኖቹ ቡፌው ውስጥ ገቡ፤ ቁልፉ እናቴ አንገት ላይ ተመለሰ። እኔ ዓርብ ዓርብ ወለወልኩ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ ጠበቀች። አንድ ጊዜ፣ አባቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ግቢው ውስጥ በጣቴ መስመር ሠርቼ ከመኪኖቹ በአንዷ ፋንታ ጠጠር አስቀመጥኩ። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

«እማ» አልኳት፣ «ደሴ ደርሰናል።»

ቆመች። እርጥቡ ልብስ ክንዷ ላይ ነበር፣ ውሃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል። መስመሩን አየችው፤ ከመርሳ እስከ ደሴ፣ ቀስ ብላ፣ በየከተማው የቆመች ይመስል። አንድ እግሯን ወደ እኔ አነሣች። ወዲያው ወደ ቤቱ ዞር አለች፤ የአባቴ የእንቅልፍ ትንፋሽ ይሰማል።

«ተይ ልጄ» አለች። «አባትሽ ይነቃል።»

ልብሱን አስጥታ ገባች። እኔ ሐረጎን ብቻዬን ወረድኩ።